ማኅተሙ አለ፤ መዝገቡ የታለ?

እ.ኤ.አ. በጁን 2023 አጋማሽ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያዎች የሠራተኞቻቸው የኢሜይል ሳጥኖች ባልተለመደ መንገድ እየተከፈቱ መሆኑን አስተዋሉና ለማይክሮሶፍት አሳወቁ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከአዋጆቹ ቁጥር በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሲመረመር የይለፍ ቃል ስርቆት አልነበረም። ማይክሮሶፍት ስቶርም-0558 ብሎ የሰየመውና መነሻው ቻይና ነው ያለው የሰላዮች ቡድን በእጁ ያስገባው የኩባንያውን የፊርማ ቁልፍ ነበር። ይህ ቁልፍ ማይክሮሶፍት «ይህ ሰው እገሌ ነው፤ ይግባ» የሚለውን ዲጂታል ማስረጃ፣ ባለሙያዎቹ ቶከን የሚሉትን፣ የሚፈርምበት ምስጢር ነው። የተሠራው በ2016 ሲሆን በ2021 መወገድ ነበረበት። የታሰበውም ለግል ተጠቃሚዎች አገልግሎት ብቻ ነበር፤ በማረጋገጫው ሥርዓት ጉድለት ምክንያት ግን የመንግሥትና የድርጅቶችን ሳጥኖችም ከፈተ። 22 ድርጅቶችና ከ500 በላይ ሰዎች ተጠቁ። የወቅቱ የንግድ ሚኒስትር ጂና ሬይሞንዶና በቤጂንግ የአሜሪካ አምባሳደር ኒኮላስ በርንስ ከተጠቂዎቹ መካከል ነበሩ። ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ብቻ 60,000 ያህል ኢሜይሎች ተወስደዋል።

ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር በአብዛኛው ያተኮረው ቁልፉ እንዴት ወጣ በሚለው ላይ ነው። ማይክሮሶፍት በሴፕቴምበር 2023 አንድ መላምት አቀረበ፦ በ2021 ሥራ ላይ እያለ የተሰናከለ ፕሮግራም ለምርመራ በተወው የሚሞሪ ቅጂ ውስጥ ቁልፉ ሾልኮ ወጥቶ ይሆናል። በማርች 2024 ደግሞ ቁልፉን የያዘ እንዲህ ያለ ቅጂ እንዳላገኘ ጨምሮ ጻፈ። ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ግምገማ ቦርድ በኤፕሪል 2024 ይፋ ባደረገው ዘገባ ጥቃቱ መከላከል ይቻል እንደነበር ገልጾ፣ ኩባንያው ቁልፉ መቼና እንዴት እንደተወሰደ እንደማያውቅ መዝግቧል። በዓለም ላይ ካሉት ታላላቅ የሶፍትዌር ኩባንያዎች አንዱ፣ የወራት ምርመራ አድርጎ፣ የገዛ ቁልፉን ታሪክ መናገር አልቻለም። ይህ አስደናቂ ነው፤ ለእኔ ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ሰላዮቹ ከሜይ 15 ጀምሮ ለአንድ ወር ያህል በዚያ ቁልፍ ሲፈርሙ የቁልፉ ባለቤት አንድም ምልክት አላየም። ስለ ስርቆቱ የተባለው ሁሉ ቢታወቅ እንኳ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ አይመለስም።

ምስጢራዊ ቁልፍ ቁጥር ነው፤ ቁጥር ሲቀዳ ደግሞ ከቦታው አይጎድልም። ባለቤቱ ካዝናውን በከፈተ ቁጥር እንዳስቀመጠው ያገኘዋል፤ ሌላ ቅጂ በሌላ አህጉር መኖሩን ካዝናው ሊነግረው አይችልም። ስለዚህ «ቁልፌ ከእኔ በቀር በማንም እጅ የለም» የሚል ባለቤት እምነቱን ይናገራል፤ በማስረጃ ሊያስረግጠው ግን የሚችልበት መንገድ የለውም። ሊመረመር የሚችለው አጠቃቀሙ ነው። የተሰረቀ የፊርማ ቁልፍ ካልፈረሙበት ለሌባው አይጠቅመውም፤ ከፈረመበት ደግሞ ፊርማውን ለአንድ ተቀባይ ማሳየት ግድ ይለዋል። የደኅንነት ሥራ ጉልበቱን በብዛት የሚያፈሰው ሊረጋገጥ በማይችለው በመጀመሪያው ነገር፣ በመደበቁ ላይ ነው። ሊረጋገጥ በሚችለው በሁለተኛው፣ የእያንዳንዱን ፊርማ ሒሳብ በማወራረዱ ላይ ግን የሚሰጠው ትኩረት እጅግ አነስተኛ ነው። ሚዛኑ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። መገልበጡ ደግሞ ባለቤቱ ተጨማሪ ሎግ እንዲይዝ በማዘዝ ብቻ አይመጣም።

ምክንያቱ የአገራችን መሥሪያ ቤቶች ከሚያውቁት ከወጪ መዝገብ አሠራር ይገባናል። ወጪ ደብዳቤ ማኅተም ስላረፈበት ብቻ አይበቃም፤ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት በመዝገብ ቤት ይሰፍራል፤ የተጠራጠረ ተቀባይም «በዚህ ቁጥር ወጪ ያደረጋችሁት ደብዳቤ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ማኅተሙን አስመስሎ ያስቀረጸ ሰው ደብዳቤውን መዝገቡ ላይ ማስፈር አይችልም። ተቀባዩ ማኅተሙን አይቶ ዝም ካለ ግን መዝገቡ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢያዝ አጭበርባሪውን አይዝም፤ ሐሰተኛው ደብዳቤ በመዝገብ ቤቱ በኩል ፈጽሞ አላለፈምና። መዝገቡን መዝገብ የሚያደርገው የተቀባዩ እምቢታ ነው።

የማይክሮሶፍት ቶከኖች ተቀባይ እምቢ የሚልበት መንገድ አልነበረውም። የኢሜይሉ ሰርቨር የቀረበለትን ቶከን ፊርማ በይፋ በሚታወቀው የማረጋገጫ ቁልፍ ይፈትሻል፤ ልክ ከሆነ በሩን ይከፍታል። ቶከኑን ማን እንዳወጣው፣ መቼ እንዳወጣው፣ በእርግጥ ወጥቶ እንደሆነ አይጠይቅም። ይህ ለፍጥነት ሲባል የተመረጠ አሠራር ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ለሚገቡበት አገልግሎት ለእያንዳንዱ መግቢያ ወደ አውጪው መመለስ ውድ ነውና። ሰላዮቹ ቶከኖቹን በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ፈረሙ። የማይክሮሶፍት ፈራሚ ሰርቨር ሎግ አልተሰረዘም፣ አልተበረዘም፤ የሚመዘግበው ነገር ስላልደረሰው ባዶ ሆነ እንጂ። ኦዲተር ገብቶ ያንን ሎግ ከዳር እስከ ዳር ቢያነበው ንጹሕ ነው ብሎ በፈረመ ነበር። ቦርዱ ካነሣቸው መፍትሔዎች መካከል አውጪው የሰጠውን ቶከን መዝግቦ እንዲይዝና ተቀባዩም ከዚያ ጋር እንዲያመሳክር ማድረግ አንዱ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም።

የሚያስገርመው ጉዳዩ አዲስ አለመሆኑ ነው። ሳይበርአርክ የተባለው ኩባንያ በ2017 «ጎልደን ሳምል» ብሎ የሰየመው ዘዴ ይኸው ነበር፦ የአንድን ድርጅት የቶከን መፈረሚያ ቁልፍ የወሰደ ሰው የፈለገውን ሠራተኛ መስሎ ወደ ድርጅቱ የክላውድ አገልግሎቶች መግባት ይችላል። በዲሴምበር 2020 ይፋ በሆነው፣ በሶፍትዌር ኩባንያው በሶላርዊንድስ በኩል በተፈጸመው ጥቃት ሰርጎ ገቦቹ በዚሁ መንገድ ተጠቀሙ። ያኔ ለተከላካዮች የተሰጠው ምክር በአንድ በኩል ወደ አገልግሎቱ የተገባባቸውን ጊዜያት፣ በሌላ በኩል ቶከን የተሰጠባቸውን ጊዜያት አስቀምጦ ማስተያየት ነበር። መግቢያ ኖሮ መስጫ ከሌለ ቶከኑ ሐሰተኛ ነው። እንዲህ ቀላል የሆነ ሒሳብ ከሦስት ዓመት በኋላ ቴክኖሎጂውን በሚሸጠው ኩባንያ ቤት ውስጥ አለመሠራቱ የዕውቀት ችግር ነበር ለማለት አያስደፍርም።

«ቁልፉን ከማይወጣበት ልዩ ሃርድዌር ውስጥ ብንቆልፈው ይህ ሁሉ መዝገብ አያስፈልግም» የሚሉ አሉ። ሃርድዌሩ ይጠቅማል፤ ቁልፉን መቅዳት ያከብደዋል። ሆኖም ኔዘርላንድ ውስጥ የነበረው የዲጂኖታር ታሪክ ይህን ክርክር ይፈትነዋል። ዲጂኖታር ለድረ ገጾች «ይህ በእርግጥ እገሌ ነው» የሚል ሰርተፊኬት የሚፈርም፣ የኔዘርላንድ መንግሥት ራሱ የሚገለገልበት ድርጅት ነበር። ቁልፎቹ በሃርድዌር ውስጥ ነበሩ። በ2011 አጋማሽ ሰርጎ ገብ ወደ መረቡ ዘለቀና ቁልፎቹን ሳያወጣቸው እዚያው ባሉበት አስፈረማቸው። በትንሹ 531 ሐሰተኛ ሰርተፊኬቶች ወጡ፤ ጁላይ 10 የተፈረመው አንዱ በጎግል ስም ነበር። በዚያ ሰርተፊኬት የኢራን ተጠቃሚዎች ከጂሜይል ጋር የሚያደርጉት ግንኙነት ተጠለፈ፤ ፎክስ-አይቲ የተባለው መርማሪ ድርጅት የቆጠራቸው የኢንተርኔት አድራሻዎች 300,000 ገደማ ናቸው። ዲጂኖታር ጥቃቱን በጁላይ አጋማሽ ደርሶበት ያገኛቸውን ሰርተፊኬቶች እየሰረዘ ለሕዝብ ሳይናገር ቆየ። የጎግሉ ሰርተፊኬት ግን ከሰረዛቸው መካከል አልነበረም። በኦገስት መጨረሻ አንድ ኢራናዊ ተጠቃሚ ክሮም ብራውዘሩ ያሳየውን ማስጠንቀቂያ ይፋ ባደረገ ጊዜ ነገሩ ፈነዳ፤ ክሮም የጎግልን ትክክለኛ ቁልፎች ቀድሞ ያውቅ ስለነበር ማለት ነው። በሴፕቴምበር ዲጂኖታር ከሰረ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይታያል። ሃርድዌሩ ቁልፉ እንዳይቀዳ ጠብቋል፤ ማን እንዳስፈረመው ግን አልጠየቀም። ሎጎቹም የተቀመጡት ሰርጎ ገቡ በተቆጣጠራቸው ሰርቨሮች ላይ ስለነበር የተወሰነው ተሰርዟል፤ ስለዚህም የሐሰተኛዎቹ ቁጥር እስከ ዛሬ «በትንሹ» እየተባለ ይጻፋል። የተረፈው ማስረጃ ከውጭ መጣ። ብራውዘሮች አንድ ሰርተፊኬት መሰረዝ አለመሰረዙን ለማወቅ መለያ ቁጥሩን ወደ ዲጂኖታር እየላኩ ይጠይቁ ነበር፤ የዲጂኖታር ሰርቨር ደግሞ በተሰረዙት ዝርዝር ውስጥ ያላገኘውን ሁሉ «ደኅና ነው» እያለ ይመልስ ነበር። ያላወጣውን፣ የማያውቀውን ቁጥር እንኳ! በሴፕቴምበር መጀመሪያ ይህ ተገልብጦ በመዝገብ ያልተገኘ ቁጥር ሁሉ ውድቅ እንዲሆን ተደረገ። ያችን አንዲት መስመር ቀደም ብለው ቢገለብጧት ኖሮ ቢያንስ የድርጅቱ ሰርቨር ሐሰተኛውን ሰርተፊኬት በቃሉ ባላጸናው ነበር።

ከዲጂኖታር ፍርስራሽ የወጣው ትምህርት በጎግል መሐንዲሶች እጅ ቅርጽ ያዘ። በጁን 2013 የታተመው «ሰርተፊኬት ትራንስፓረንሲ» የተሰኘው አሠራር እያንዳንዱ ሰርተፊኬት ማንም ሊያነበው በሚችል፣ ጽሑፍ በሚጨመርበት እንጂ በማይሰረዝበት ይፋ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ያደርጋል። መዝገቡ የሚሠራው የመርክል ዛፍ በሚባል የሒሳብ አወቃቀር ነው፤ አሮጌ መስመር ከተነካ የዛፉ አናት ላይ ያለው አሻራ ይለወጣል፤ አናቱን የያዘ ሰው ሁሉ ለውጡን ያውቃል። መዝገቦቹን የሚይዙት ልዩ ልዩ ድርጅቶች ናቸው፤ ስለዚህ አንድ መዝገብ ያዥ ቢዋሽ ሌላው አለ። አስፈላጊው ነጥብ ግን የሒሳቡ ብልሃት ላይ አይደለም። ክሮም ከኤፕሪል 30 ቀን 2018 በኋላ የወጣ ሰርተፊኬት ከመዝገቦቹ የተሰጠ ደረሰኝ ከሌለው አልቀበልም አለ። በዚያ ቀን ማኅተም ብቻውን ዋጋ አጣ።

ይህ አሠራር የሚይዘው ሌባን ብቻ አለመሆኑ በ2015 ታይቷል። በሲማንቴክ ኩባንያ ሥር የነበረው ሰርተፊኬት ሰጪ ቶውት በሴፕቴምበር 14 ቀን ጎግል ሳይጠይቀው በጎግል ስም ሰርተፊኬት ፈረመ። ጎግል ይህን ያየው በይፋ መዝገቡ ላይ ነው። ሲማንቴክ ለሙከራ የወጡ 23 ሰርተፊኬቶች ናቸው አለ። ጎግል መዝገቡን አገላብጦ ሌሎችንም በማግኘቱ ሲማንቴክ ዳግም ቆጥሮ በ76 ድረ ገጾች ስም የወጡ 164፣ እንዲሁም ባልተመዘገቡ ስሞች የወጡ 2,458 ተጨማሪ ሰርተፊኬቶች መኖራቸውን አመነ። ቁልፉ አልተሰረቀም፤ የባለቤቱ የገዛ ሠራተኞች ናቸው ያለ ሥርዓት የተጠቀሙበት። ከሁሉ የሚያስተምረው ሲማንቴክ በራሱ ቤት መዝገብ 23 ብሎ መቁጠሩ ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ ከዚህ በኋላ ይመጣል። መዝገብ ቢኖርም የሚያነበው ከሌለ ምን ይፈይዳል? በሴፕቴምበር 2025 እንደታወቀው፣ ፊና የተባለ የክሮኤሺያ ሰርተፊኬት ሰጪ 1.1.1.1 ለሚባለው የክላውድፍሌር የኢንተርኔት አድራሻ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ 12 ሰርተፊኬቶችን ፈርሟል፤ የመጀመሪያው የወጣው በፌብሩዋሪ 2024 ነው። ሰርተፊኬቶቹ በይፋ መዝገብ ላይ ነበሩ። ክላውድፍሌር ደግሞ ለደንበኞቹ ይህንኑ መዝገብ የመከታተል አገልግሎት የሚሰጥ ኩባንያ ነው! ይህ ምሳሌ ተቃዋሚዎቹን የሚረዳ ይመስላል፤ እኔ ግን የሚያሳየው የአንድን ክፍተት ትክክለኛ ቦታ ነው እላለሁ። ይፋ መዝገብ ሰው ተቀምጦ ያነበዋል ተብሎ የሚተው ከሆነ ዋጋው አነስተኛ ነው። ባለቤቱ የፈረመውንና ያስፈረመውን ያውቃል፤ ይህን ዝርዝር ለማሽን ሰጥቶ በመዝገቡ ላይ ከሚታየው ጋር ያለማቋረጥ ማስተያየት ይችላል። ክላውድፍሌርን የጎደለው የራሱን አድራሻ ከሚያስተያየው ዝርዝር ውስጥ በአግባቡ ማካተቱ ነበር። እንዲያም ሆኖ መዝገቡ ባይኖር እነዚያ 12 ሰርተፊኬቶች ዛሬም ባልታወቁ ነበር።

ሌላው ተቃውሞ ኦዲት ከጉዳት በኋላ ይደርሳል የሚል ነው። ልክ ነው። የኢራናውያኑ ደብዳቤ አንዴ ከተነበበ አይመለስም። ነገር ግን ለሰላይ የቁልፍ ዋጋ ሳይታወቅ ደጋግሞ በመሥራቱ ላይ ነው፤ በመጀመሪያው አጠቃቀም የሚጋለጥ ቁልፍ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን መሣሪያ ይሆናል፤ ለዚያ ሲባል ስንት ዓመት ይደከማል? የቁልፍና የሰርተፊኬት ዕድሜ ሲያጥር ደግሞ ይህ ጉዳት በዚያው ልክ ይጠብባል። ሰርተፊኬት ሰጪዎችና ብራውዘር አምራቾች በኤፕሪል 2025 በወሰኑት መሠረት የድረ ገጽ ሰርተፊኬት ዕድሜ በየደረጃው እያጠረ በማርች 2029 ወደ 47 ቀን ይወርዳል። ማይክሮሶፍት በተቃራኒው የግል ተጠቃሚዎቹን የፊርማ ቁልፎች በእጅ ይቀያይር ነበር፤ በ2021 በዚሁ ምክንያት አገልግሎት ከተቋረጠ በኋላ መቀየሩን አቆመ። የ2016ቱ ቁልፍ በ2023 ሊሠራ የቻለው ለዚህ ነው።

የግላዊነት ተቃውሞው ከእነዚህ ይከብዳል። ይፋ መዝገብ የድርጅቶችን የውስጥ ድረ ገጾች ስም ለሚፈልግም ለማይፈልግም ያሳያል፤ አጥቂዎችም ያነቡታል። በመልእክት መለዋወጫዎች ላይ እንዲሁ ቢደረግ ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳይ የስለላ መዝገብ ሊሆን ነው። መፍትሔው የሚመዘገበውን ነገር መምረጥ ነው። ተመራማሪዎቹ ጂያንግሻን ዩ፣ ማርክ ራያንና ካስ ክሬመርስ ዴሲም ብለው ባቀረቡት ንድፍ መዝገቡ ላይ የሚሰፍሩት መልእክቶቹ አይደሉም፤ የተጠቃሚው መሣሪያ በየጊዜው የሚያወጣቸው የአጭር ዕድሜ ቁልፎች ናቸው። ስልኩ ያላወጣው ቁልፍ በስሙ ሰፍሮ ካገኘ ሌላ ሰው ዋናውን ቁልፉን እንደያዘው ያውቃል። ለማወቅ የመልእክቱን አንድ ፊደል ለማንም ማሳየት አላስፈለገውም።

ለዚህ ክርክር በእውነት የማይመቸው የመፍቻ ቁልፍ ነው። ፊርማ ተቀባይ ይፈልጋል፤ የተመሠጠረ ጽሑፍን መፍታት ግን ማንንም አይፈልግም። ጽሑፉንና ቁልፉን የያዘ ሰው ከምድር ቤት ቁጭ ብሎ ሲያነብ እምቢ የሚለው ተቀባይ የለም። ማርክ ራያን ይህንንም ለመያዝ ቁልፉ በልዩ ሃርድዌር ውስጥ ሆኖ የመፍታት ጥያቄው አስቀድሞ በመዝገብ ካልሰፈረ እንዳይሠራ የማድረግ ሐሳብ አቅርቧል፤ ያ ግን ሃርድዌሩን ማመን ይጠይቃል። በተግባር የተሻለ የሠራው መንገድ ሌላ ነው፦ በ2018 የጸደቀው፣ የድረ ገጽ ግንኙነቶች የሚመሠጠሩበት የቲኤልኤስ 1.3 ስምምነት ሰርቨሩ ለዓመታት በሚይዘው ቁልፍ የግንኙነትን ምስጢር መፍታት የሚቻልበትን አሮጌ ዘዴ አስወጣ፤ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የሚፈጠረው ቁልፍ ወዲያው ይጠፋል። ሒሳቡ የማይወራረድ ቁልፍ በእጅ ባይቆይ ይሻላል ማለት ነው።

ወጪውስ? ሎግ ማስቀመጥ ገንዘብ ነው፤ ማስተያየትም ጊዜ ነው። የ2023ቱን ጥቃት ያጋለጠው የትኛው ኢሜይል መቼ እንደተከፈተ የሚመዘግበው ሎግ ነበር። ይህን ሎግ ማግኘት የሚቻለው ከፍ ያለውን ፈቃድ ለገዛ ደንበኛ ብቻ ሲሆን ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ከፍሎበት ነበር፤ ያልከፈሉት ሳያውቁ ቀሩ። ሻጩ ማኅተሙን ከዋናው ዕቃ ጋር ሰጥቶ መዝገቡን ለብቻው ይቸበችብ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ከጥቃቱ በኋላ ማይክሮሶፍት ይህን ሎግ ለሌሎችም ደንበኞች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ከፈተ። ወጪው የማይቻል ነው የሚለው መከራከሪያ በዚያው ተዳከመ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዳዩ ገና በጅምር ላይ ነው፤ ዕድሉም እዚያው ላይ ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ዲጂታል ፊርማን በሕግ ዕውቅና ሰጥቶ ሥረ መሠረት የሚሆነውን የሰርተፊኬት ሰጪነት ሥልጣን በተለምዶ ኢንሳ ለሚባለው መሥሪያ ቤት ሰጠ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ደግሞ ፋይዳን ሕጋዊ መሠረት አስያዘው፤ ባንኮችም ደንበኞቻቸውን በፋይዳ ያረጋግጣሉ። ባንኩ የሚተማመነው «ይህ ሰው እርሱ ነው» ብሎ ሥርዓቱ በሚሰጠው ምላሽ ላይ እስከሆነ ድረስ የምላሹ ፊርማ ቁልፍ የብዙ ሰዎች ሒሳብ መግቢያ በር ነው። ቁልፉ በጥብቅ ስለመጠበቁ ማብራሪያ ማቅረብ ቀላል ነው፤ የትም አገር ይቀርባል፤ ዲጂኖታርም ኦዲት ይደረግ ነበር። ባንኮች ሊጠይቁ የሚገባቸው ከዚህ የተለየ ነው። የተሰጡት ምላሾች ዝርዝር ቁልፉን ከሚይዘው ክፍል ውጭ በሌላ ተቋም እጅ ይቀመጣል ወይ? የባንኩ ሰርቨር የደረሰውን ምላሽ ከዚያ ዝርዝር ጋር ማመሳከር ይችላል ወይ? ካልተገኘ ፊርማው ልክ ቢሆንም ውድቅ የማድረግ ሥልጣን አለው ወይ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በስምምነት ውስጥ ማስገባት ሥርዓቱ ገና እየተገነባ ሳለ የጥቂት አንቀጾች ሥራ ነው። ብዙ ባንኮች ፊርማውን ብቻ አይተው የሚያሳልፉ ፕሮግራሞችን ሠርተው ከጨረሱ በኋላ ግን፣ የክሮም እምቢታ ከመርክሉ መዝገብ ኅትመት እስኪደርስ አምስት ዓመት እንደፈጀ ሁሉ፣ እያንዳንዱን ሰርቨር እንደገና ማስተማር ይጠይቃል።